ጋሽ አሥርና የቁጥር ሦስት ጭስ ማውጫ

"ጋሽ አሥር" ብለው የሰየሙት ነጂዎቹ ናቸው። ቅጽል ስሙ ከመልመዱ የተነሣ፣ እውነተኛ ስሙን ጠርቶ የሚፈልገው ሰው ወደ ጥገና ክፍል ሲመጣ እኛ ራሳችን ግር ይለን ነበር። ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። ጀልባ ከጥገና ወጥታ ወደ መስመር ከመመለሷ በፊት ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ያሠራዋል፤ ከዚያ የወለሉን ክዳን ይከፍትና ተንበርክኮ ቀኝ መዳፉን ከሞተሩ ጀርባ በሚወጣው ጥቁር የጭስ ማውጫ ጎማ ላይ ያሳርፋል። ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥር ከደረሰ ጀልባዋ ትሄዳለች። ሰባት ላይ እጁን ካነሣ ትቀራለች። ይግባኝ የለም።

እኔ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ሁለት ነገር በእጄ ነው፤ የመለዋወጫ ካርዶችና የብልሽት መዝገብ። ነጂ ብልሽት ሲያመለክት እጽፋለሁ። ጋሽ አሥር መርምሮ ሲጨርስ በመስኮቴ ያልፍና "ቀዝቃዛ" ወይም "ሙቅ" ይለኛል፤ እሱንም እጽፋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ሲሳሳት አላየሁም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ለምን ማንም ደፍሮ እንደማይናገረው እንዲገባችሁ ነው።

የጭስ ማውጫው ነገር ለማያውቅ ሰውም ቢሆን ከባድ አይደለም። የጀልባ ሞተር ሆዷ ውስጥ ስለሚቀመጥ እንደ መኪና ሞተር ንፋስ አያገኝም። ስለዚህ ፓምፕ ከሥር ውሃ ይስብለታል። ውሃው ሞተሩን አቀዝቅዞ ሲጨርስ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይረጫል፤ ከዚያ ጭስና ውሃ አንድ ላይ በጎማው አልፈው ከጀልባዋ ኋላ ይወጣሉ። ውሃው በደንብ ከተረጨ ጎማውን ሕፃን ልጅ ሊይዘው ይችላል። ካልተረጨ ግን ያ ሁሉ የእሳት ጭስ የሚያርፈው ጎማው ላይ ነው። ጎማው መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። ሲቀደድ ጭሱ ሰው ወደተቀመጠበት፣ ውሃው ወደ ጀልባዋ ሆድ ይገባል። ቁጥር ሦስት የምንላት ጀልባ ደግሞ አርባ ሰው ትጭናለች።

ጋሽ አሥር አጠር ያለ፣ ደረተ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰው ነው። የቅባት ሥራ እየሠራ ቱታው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ሚስቱ ናት የምትተኩስለት። "ለሠርግ ነው ለጥገና?" እንለዋለን። "ሞተርም እንግዳ ነው" ይለናል። አንቱ መባል አይወድም። አንድ ጊዜ አዲስ የገባ ሠራተኛ አንቱ ቢለው፣ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ይመስል ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አንተ ነው የምንለው።

ከላይኛው መደርደሪያዬ ላይ ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ ከነካርቶኑ ነበር። ኃላፊያችን ከአምስት ዓመት በፊት ያስመጣው ነው። ጋሽ አሥር ያኔ ተቀበለኝ፣ አገላብጦ አየው፣ "ይኼ ነገር ይተኩሳል?" አለና መለሰልኝ። ሳቅን። ካርቶኑን ከዚያ በኋላ የከፈተው ሰው የለም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አንዳንድ ነገር አይ ነበር። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመረ። ስጠይቀው "ሚስቴ ናት ሸንቀጥ በል ያለችኝ" አለ። ብሎን ከጣቱ መውደቅ አበዛ። አንድ ቀን ከመስኮቴ ትንሽ ብሎን ሊወስድ መጥቶ፣ ከጠረጴዛው ላይ ማንሣት አቅቶት እስከ ጠርዙ ገፋና በሌላው እጁ ተቀበለው። አይቻለሁ። "መነጽር ግዛ" አልኩት። ሳቀ፣ ሳቅኩ፣ አለፈ።

የቁጥር ሦስት ነጂ ዝምተኛው ነው። እሱም ስም አለው፤ ግን ቀን ሙሉ አብራችሁት ብትውሉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ስለምትመለሱ ዝምተኛው ይባላል። የጋሽ አሥር ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ስታገባም ይዛው ነው የገባችው። ስለዚህ ጋሽ አሥር ለእሱ የእህት ባል ብቻ አይደለም። ደብተር የገዛለት፣ መዋኘት ያስተማረው፣ የጀልባ መሪ ያስጨበጠው ሰው ነው። ዝምተኛው ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ጋሽ አሥር ፊት ሲቆም ግን አሁንም እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል።

ሰኞ ከሥራ መውጫ ላይ መስኮቴ ጋ መጣ። "ጎማ ይሸታል" አለ። "ድምፁም ደርቋል።" ጭስ ማውጫ ደህና ሲሆን ውሃ እየተፋ ይንቦጫረቃል፤ ውሃ ሲያንሰው እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል። ጻፍኩለት።

ማክሰኞ ጋሽ አሥር ከፈተው። ውሃው የሚገባበትን ወንፊት አውጥቶ የውሃ ሣርና አንድ ቁራጭ ፌስታል አገኘበት። ፌስታሉን እንደ ዓሣ አንጠልጥሎ አሳየን። "ይኼው በሽታው" አለ። ሞተሩ ተነሣ፣ መዳፉን አሳረፈ፣ አሥር ቆጠረ። "ቀዝቃዛ።" ጻፍኩ።

ረቡዕ ዝምተኛው ተመለሰ። "ከሥር ደህና ነው፤ ከላይ ነው የሚሞቀው። ከላይ እጅ አያስቀምጥም።" ለእሱ ይህ ንግግር ነው። ጋሽ አሥር ግንባሩን ቋጠረና ፓምፑን ፈታ። ውስጡ ያለችው የጎማ መዘውር ስድስቱም ክንፎቿ ጤነኛ ነበሩ። የማቀዝቀዣውን ጫፍ ከፍቶ አየ፤ ንጹሕ ነው። ውሃ ከኋላ ይወጣል። የሞተሩ የሙቀት ጌጅ ደህና ያሳያል። ያልታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሃውና ጭሱ የሚገናኙበት፣ እኛ ክርን የምንለው የታጠፈ ብረት። ክርኑ በዝገት ሲደፈን ውሃው ዙሪያውን መርጨቱን ትቶ በሥር በኩል ብቻ ይንጠባጠባል። ያኔ የጎማው ሆድ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባው ይነዳል። ዝምተኛው የተናገረው በትክክል ይህንን ነበር።

ክርኑን ለመፍታት ደግሞ ከሞተሩ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት ቦታ፣ አራት ብሎን በጣት ዳብሶ ማግኘት የግድ ነው። ጋሽ አሥር እጁን ሰደደ። ትንሽ ቆየ። አወጣ።

"ክርኑን አምና አጽድቼዋለሁ" አለ።

እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ክርን በተፈታ ቁጥር በሁለቱ ብረቶች መሐል የሚገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ከእኔ ዘንድ ይወጣል፤ ያለዚያ ማሸጊያ አይገጠምም። የቁጥር ሦስት ካርድ ከጀርባዬ ነበር። ዞር ብዬ ማየት እንኳ አላስፈለገኝም፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጓርኒሲዮን አልወጣም። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ረስቶ ይሆናል አልኩ። ጋሽ አሥርን በሰው ፊት ማሳጣት የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም።

ሞተሩ ተነሣ። አሥር ቆጠረ። "ቀዝቃዛ።"

"ጋሼ፣ እኔ እስከ ሦስት ማቆየት አልቻልኩም እኮ" አለ ዝምተኛው።

"እጅህ የሙሽራ እጅ ሆናለቻ" አለው ጋሽ አሥር። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዝምተኛው አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አርባው ሰው ተሳፍሮ ሳለ ዝምተኛው ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ በተሳፋሪው መሐል አልፎ መሬት ላይ ወርዶ ቆመ። "በዚህች ጀልባ ሰው ይዤ አልሄድም" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። የሚያብራራ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ሥራ የረፈደበት አለ፣ ሐኪም ቀጠሮ ያለው አለ፣ ዘንቢል የታቀፈች ሴት አለች። አንድ ቦርሳ ያነገተ ሰው "ውሃ የሚፈራ ነጂ ደግሞ ዛሬ አየን" አለና ሰውን አሳቀ።

ኃላፊያችን ክራቫቱን እያስተካከለ ወረደ። እሱ ነገር የሚፈታው ቶሎ በማስፈጸም ነው። "ጋሽ አሥርን ጥሩልኝ" አለ።

ጋሽ አሥር መጣ። ቁልፉን ከዝምተኛው ተቀብሎ ሞተሩን አስነሣና የሚበቃውን ያህል አሠራው፣ ተንበረከከ፣ መዳፉን ጎማው ጀርባ ላይ፣ ዝምተኛው ይሞቃል ባለበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ ያያል። መቁጠር ጀመረ። አሥር ሲደርስ እጁን አላነሣም። አሥራ አንድ አለ፣ አሥራ ሁለት አለ፣ ዝምተኛውን ቀና ብሎ እያየ አሥራ አምስት አስገባው። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። "ቀዝቃዛ ነው" አለ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ዝምተኛው የሚያየው የጋሽ አሥርን ፊት ሳይሆን እጁን ነበር። የሚናገር መሰለኝ። አንገቱን ደፋ።

ኃላፊው ቁልፉን ከጋሽ አሥር ተቀብሎ ለሌላ ነጂ ሰጠ። ዝምተኛው ሥራ በማስተጓጎል ሰኞ የስንብት ደብዳቤ እንደሚጻፍለት፣ እስከዚያ በር ላይ ቆሞ ቲኬት እንዲቆርጥ እዚያው ነገረው። ጀልባዋ ሄደች። የቦርሳው ሰውዬ ከጀልባዋ መስኮት እጁን አውለበለበለት። እኔ መዝገቡን ከፍቼ "ቀዝቃዛ" ብዬ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ይሉኛል፤ ያን ቀንም አሳምሬ ነው የጻፍኩት።

ከዚህ በኋላ ቤቱ የሆነውን የነገረኝ ጋሽ አሥር ራሱ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ገባ። ከቧንቧው ታጥቦ ፎጣ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ደነገጠች። "ይኼ ምንድን ነው?" አለችው። አየው። መዳፉ ከዳር እስከ ዳር ነጥቷል፤ መሐሉ ላይ እንቁላል የሚያህል ውሃ ቋጥሯል።

"ምንም አላመመኝም እኮ" አላት። ከአፉ ሲወጣ ነው ምን እንዳለ የገባው።

ሚስቱ አስቀምጣ ቅባት ቀባችው፤ እንደ ልጅ እፍ እያለች በንጹሕ ጨርቅ አሰረችለት። እያሰረች "የወንድሜን ጀልባ አየህለት? ጎማ ይሸታል ብሎኝ ነበር" አለችው። "አየሁለት" አላት። ወንድሟ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ቲኬት እየቆረጠ እንደሆነ አልነገራትም። ምሳውን በላ። "ጉሮሮዬን እንዴት እንዳለፈ እንጃ" ብሎኛል፤ ግን በላ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል መስኮቴ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ያንን የሚተኩሰውን አውጪው" አለኝ። ካርቶኑን አወረድኩ። ባትሪው ሞቶ ስለነበር የግድግዳውን ሰዓት ባትሪ ነቅዬ ከተትኩበት። ቁጥር ሦስት ሦስተኛ ዙሯን ጨርሳ ስትታሰር ሰው እስኪወርድ ጠብቀን ገባን። ክዳኑን ከፈተ። ሽታው ከመለኪያው በፊት ደረሰን። የጎማው ጀርባ ላይ አነጣጥሬ ተጫንኩ። ዘጠና አራት ዲግሪ። ክዳኑ ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ደግሞ ከስልሳ ካለፈ ሞተሩን አጥፉ ይላል፤ ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

"እጅሽን አስቀምጪ" አለኝ።

አስቀመጥኩ። ሁለት አልደረስኩም።

ደረጃው ላይ ዘጭ አለ። "ካወቅኩት ዓመት አልፎኛል" አለኝ። "ስኳሩ ነው። መደንዘዙ ከእግሬ ጣት ጀምሮ ወደ እጄ መጣ። ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ለሚስቴ አልነገርኩም። ሞተሩን በጆሮዬ እለየዋለሁ ብዬ ነበር። መቁጠሩ ለእናንተ ነው።" እኔ የማስበው ከጠዋት ጀምሮ የተመላለሰውን ሦስት ዙር ነበር፤ እያንዳንዱ አርባ ሰው።

ኃላፊው ወሬውን ሰምቶ መጣ። ቁጥሩን አሳየሁት። ከንፈሩን ነከሰ፣ ወዲያው ግን መውጫ አገኘ። "ጠዋት ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁላችንም አይተናል" አለ። "ከሰዓት ላይ ሞቀ። እንዲያ ተብሎ ይጻፍ። ያንተ ስም አይነካም፣ የመሥሪያ ቤቱም አይነካም።"

ስለ ዝምተኛው ምንም አላለም። ጋሽ አሥር የታሰረ እጁን ከጀርባው አድርጎ ቆሞ ነበር። አይሆንም ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ" አለ።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ መስኮቴ ጋ ሄድኩና "ከሰዓት በኋላ ሞቀ" ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አላየሁትም፤ ቶሎ ዘጋሁት።

ክርኑ መፈታት ነበረበት። ጋሽ አሥር አንዴ በግራ እጁ፣ አንዴ በታሰረው ቀኙ ሞከረ። ብሎኖቹን ማግኘት አልቻለም። በመጨረሻ ወደ በሩ ሄደና የቲኬት ጉርድ ከያዘው ዝምተኛው ፊት ቆመ። "ና እስኪ፣ ጣትህን አውሰኝ" አለው። ዝምተኛው ጉርዶቹን አስቀምጦ ምንም ሳይጠይቅ ተከተለው። ሞተሩ ጀርባ እጁን ሰደደና ዓይኑን ጨፍኖ አንድ በአንድ አገኛቸው። አራቱንም ፈታ። እኔ ጓርኒሲዮን ይዤ ከላይ ቆሜያለሁ።

ክርኑ ሲወጣ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ውሃው የሚረጭባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያውን በዝገት ታትመዋል። ዝምተኛው በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጋው ቅርፊቱ እንደ ድንጋይ ነው። የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ አንዲት ቀዳዳ ብቻ በሥር በኩል ቀርታለች።

"ይኼ የዛሬ አይደለም" አለ ጋሽ አሥር ለራሱ።

"የሦስት ዓመት ነው" አልኩ። በዚያ ሳምንት ውስጥ አፌን የከፈትኩት ያኔ ነው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ።

ዝምተኛው ጨርቁን አየ። "ያምሃል?" አለው።

"አያመኝም።"

"አውቃለሁ" አለ ዝምተኛው።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

ዝምተኛው ካቻቢቴውን በቱታው ጠረገ። "ባለፈው ክረምት ቤት ቁጭ ብለን፣ እሳት ላይ ያለ ድስት ክዳን በባዶ እጅህ አነሣህ። እህቴ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ክዳኑን አስቀመጥክና ወሬህን ቀጠልክ። ከዚያ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገርክም? ያን ሁሉ ስድብ ስትጠጣ፣ እጁ አይሰማውም ብትል አልቆ ነበር እኮ።"

"በአንተ?" አለ ዝምተኛው። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ "አልሄድም ካልኩ መለኪያውን ያወጣሉ ብዬ ነበር" አለ። ይህን ሲል ቀና ብሎ እኔን አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ወቅሶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ አሥር ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ዝምተኛው የመፍቻ ሳጥኑን ለማደራጀት ጎንበስ አለ፤ ማየት አልፈለገም። እኔ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያከበርኩትን ሰው ለማዳን መስሎኝ ዝም ያልኩት ዝምታ ያዳነው ማንንም አይደለም። የዝምተኛው ዝምታ ቢያንስ ሥራውን አስከፍሎታል። የእኔ ምንም አላስከፈለኝም።

ጋሽ አሥር ፊቱን በክንዱ ጠረገና ክርኑን ታቅፎ ወጣ። የከሰዓቱ ተሳፋሪ በሩ ላይ ተሰልፏል። ጠዋት ከሄዱት ጥቂቶቹም አሉበት፤ በመስመሩ በምትሠራው በሌላኛዋ ጀልባ ነበር መሰለኝ የተመለሱት፤ አሁን ዘመድ ሊያሻግሩ፣ ዕቃ ሊወስዱ ደግመው መጥተዋል። የቦርሳው ሰውዬም አለ። ኃላፊው ሰልፉን እያረጋጋ ነበር።

"ጠዋት እዚህ የነበራችሁ ስሙኝ" አለ ጋሽ አሥር። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ግን ይሰማል። "ጠዋት የሳቃችሁበት ነጂ ልክ ነበር። ጎማው ጋይቷል። እኔ ቀዝቃዛ ነው ያልኩት እጄ ስለማይሰማ ነው። አለመስማቱን አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የላክኋችሁ።" ጨርቁን በጥርሱ ፈታና መዳፉን አሳያቸው።

"ጋሼ፣ ተው" አለ ኃላፊው በዝግታ።

"አልተውም። ከሰዓት ሞቀ የሚለውን እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ይህ ዝገት የሦስት ዓመት ነው።" ክርኑን ኃላፊው እጅ ላይ አስቀመጠው። ክራቫቱ ላይ ዝገት ፈሰሰ።

የሚጮህ፣ የሚሳደብ ሰው ጠበቅኩ። ዘንቢል የያዘችው ሴት ቁስሉን አይታ ፊቷን አዞረች። የቦርሳው ሰውዬ ስልኩን አወጣና መነካካት ጀመረ። ከኋላ አንድ ድምፅ "እና ጀልባዋ መቼ ነው የምትነሣው?" ብሎ ጠየቀ።

"እሱን ጠይቁት" አለ ጋሽ አሥር፣ በጣቱ ወደ ዝምተኛው እያመለከተ።

ዝምተኛው እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። "ሌላኛዋ ትመጣለች" አለ። "እሷን ጠብቁ።" ጠበቁ።

ስለ ጓርኒሲዮን ካርዱ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ያን ቀን ካርዱን አውጥቼ አላሳየሁም። ይህንን የምጽፈው አንዱ ለዚያ ነው። ደብዳቤው አልተጻፈም፤ ዝምተኛው ሰኞ ወደ ቁጥር ሦስት ተመለሰ፤ ኃላፊው ስለ ዓርቡ ነገር ዳግመኛ አላነሣም።

ያን ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ዝምተኛው ጋሽ አሥርን በሩ ላይ ጠበቀው። "ጋሼ፣ አብረን እንሂድ" አለው። "ለእህቴ እኔ እነግራታለሁ። ኃላፊው ነው የተሳሳተው እላታለሁ።"

"አይሆንም" አለው ጋሽ አሥር። "ለእኔ ስትል ዝም ያልከው ይበቃል። ለእሷ ደግሞ አትዋሽልኝ።" ብቻውን ሄደ።

ሚስቱ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። "ምሳ ሰዓት ላይ እጅህን ስቀባልህ፣ ወንድሜ በር ላይ መቆሙን ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አላት።

ጫማዋን አድርጋ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ቅዳሜንም እሑድንም እዚያው ዋለች፣ እዚያው አደረች። ቁስሉን ጋሽ አሥር ራሱ በግራ እጁ አሰረ። ስለማይሰማው አጥብቆ አስሮት ኖሮ ሰኞ ጠዋት ጣቶቹ አብጠው፣ ጠቁረው፣ መስኮቴ ላይ ቆመ። በመስኮቱ በኩል እጁን ተቀብዬ ቋጠሮውን በጥፍሬ ፈታሁለት። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። እስክጨርስ ድረስ ሁለታችንም ቀና ብለን አልተያየንም።